ዲቃላዋና ሰባቱ እንቁላል

ለእትዬ፤ ከራስ ጠጉርሽ እስከማታጥቢው እግርሽ ድረስ ሰላምታዬ ይድረስሽ። እኔ በቁመትም በነገረኝነትም እያደግሁ ነው።

ከባድ ዜና ስላለ ቁጭ ብለሽ አንብቢ። አባዬ ዲቃላ ይዞ ቤት ገባ። እማዬም አልጋዋ ላይ ሆና በደስታ ተቀበለቻት።

አትጩሂ! ዲቃላዋ ዶሮ ናት። ከሁለት ዘር የተዳቀለች፣ ቀይ፣ ሰው የማትፈራ፣ ትራፊ ሳትመርጥ የምትበላ። መታቀፍ ግን አታውቅም፤ እንቁላሏን ጥላው ትሄዳለች። ማንን አስታወሰችሽ? እኔን አንቺን!

ሐኪሙ እማዬ በቀን አንድ እንቁላል ትብላ ስላለ ነው የመጣችው። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊው፣ እማዬ በመክሳቷ የሰፋትን ቀሚስ ለሁለተኛ ጊዜ ሊያጠብ መጥቶ ዶሮዋን አየና፣ «ይቺማ ለመልክ እንጂ ለእንቁላል አልተፈጠረችም» አለ።

«ሰባት ቀን ሳታቋርጥ ብትጥልስ?» አልኩት።

«ደጃችሁ ቆሜ እንደ አውራ ዶሮ እጮሃለሁ!»

እትዬ፣ ሰባቱንም ቀን ጣለች! ሰውዬው ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ «ኩኩሉ!» ሲል፣ እማዬ ማንም ሳይደግፋት ተነስታ በሩ ድረስ መጣች።

«ድምፅህ ቀጥኗል፣ ድገመው!» አለችው።

ደገመው። አባዬ የሳቀ መስሎኝ ነበር፤ ዞር ብሎ ዓይኑን ሲጠርግ አየሁት። ሌላ ቀን «ጠገብኩ» ብላ ግማሹን ለእኔ የምትሰጠው እማዬ የዚያን ቀን እንቁላሏን ጨረሰች።

መጥተሽ እንድታይን ከሥራ ፈቃድ ከሰጡሽ ስምንተኛው እንቁላል ያንቺ ነው። ካልሰጡሽም ግድ የለም፤ እማዬ እየተሻላት ነው፣ ከባድ ዜና ያልኩሽም የአንዲት ዶሮ ነገር ብቻ ነው።

ነገረኛው ወንድምሽ