አጎትሽ የቆረጠው ቡና

መጋቢት 20፣ ዲላ። ጠዋት ሰባት ጆንያ ጀንፈል ቡና ተረከብኩ።

ልጄ ቤቴል፣ ጌታ ከብርድም ከክፉ ሰውም ይጋርድሽ። እኛ ደህና ነን፤ ዝናቡ ገብቷል።

አጎትሽ ሙሉካ የመሬት ወሰን ለመግፋት የሟች አባትሽን ቡና ቆርጦ፣ ዛሬ በባህል ሸንጓችን በሶንጎ ሽማግሌዎች ፊት ቀረበ። ከረባት አስሮ መጣ፤ ለሠርግ የተጠራ መስሎታል።

«አጥፍቼ ከሆነ ይቅርታ። ካሳዬን ልክፈልና እንሂድ» አለ።

አንዱ ሽማግሌ «ብርህን ኪስህ ክተት። መጀመሪያ ‹እኔ ቆረጥኩ› በል» አሉት።

ላቡ ከረባቱን አራሰው። ብዙ አልጎምጉሞ በመጨረሻ ተናገረ። መልሶ እንዲተክል ተፈረደበት። ይቅር ብዬዋለሁ፤ ንቀቴን እንድተው ግን ማንም አልጠየቀኝም።

ቢደውልልሽ አታባብዪው፤ ለእኔ ግን እሁድ ደውዪልኝ። የነካሽው ሁሉ ይለምልምልሽ።

ነገ ጪጩ ሄጄ ችግኝ እመርጣለሁ፤ የሚሸከመው ሙሉካ ነው።

እናትሽ