እህትማማቾቹ እንዳይለያዩ

ይድረስ ለልጄ ለያይኔአበባ፤ መውጫ መግቢያሽን የግሽ ዓባዩ አቡነ ዘርዓ ብሩክ ይጠብቅልሽ። እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ።

ጎረቤታችን ወይኒቱ ባሏ ከሞተ ወዲህ አእምሮዋ ታውኮ ጠበል ገባች። ሁለቱን ሴት ልጆቿን የሚያይ ሲጠፋ የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛዋ ከቡሬ መጣች።

«እማማ፣ ሁለቱን አብሮ የሚወስድ ዘመድ አጣሁ። ለያይቼ ልሰጥ ነው፤ ምን ይሉኛል?» አለችኝ።

ትንሿ የእህቷን ቀሚስ ጨምድዳ ይዛ ታየኛለች። «እናታቸው እስክትድን እኔ ዘንድ ይሁኑ» አልኋት።

ባንቺ አልጋ ነው የሚተኙት፤ አይክፋሽ። በዚህ ዕድሜ ልጅ ማሳደግ ይከብዳል፣ ደክሞኛል ልጄ፤ ግን ሲለያዩ ቆሜ ማየት አልቻልሁም።

ትልቋ ውዳሴ ከመጣች ጀምሮ አንዲት ቃል አልተነፈሰችም። ስትደውዪ እስቲ በስሟ ጠርተሽ አነጋግሪያት፤ ባትመልስልሽም አትተያት።

እግዚአብሔር በሰው አገር ሰው አያሳጣሽ።

እናትሽ ሠርክአዲስ