በምድር ቤት ክፍል የበቀለው ሎሚህ

ታዬ ሆዴ፣

ከተለየኸኝ ሁለት ክረምት አለፈ። ለቅሶ የመጣው ሁሉ «ጊዜ ይሽረዋል» ሲለኝ ነበር። አልሻረውም፤ እንዲሽረውም አልፈቀድኩለትም።

የፒያሳው ቤታችን ፈርሷል። ግቢያችን የነበረበት ዛሬ ሰፊ መንገድ ነው። ጎረቤቶቻችን ከከተማው ዳር ዳር ተበተኑ። እኔን ግን ታውቀኝ የለ? ከአራዳ ንቅንቅ አልልም ብዬ አምስት ኪሎ አንዲት ምድር ቤት ክፍል ተከራየሁ። መስኮቷ ከጎረቤት ፎቅ ግድግዳ ጋር ተፋጥጣለች። መጋረጃ መስፋቴን እዚያው ቀጥያለሁ፤ ግን በጠራራ ፀሐይ እንኳ መብራት ካላበራሁ በመርፌ ቀዳዳ ክር አላስገባም።

ሎሚህም ከግቢው ጋር ሄደ። በተጋባን ዓመት ስትተክለው «ልጅ እስኪመጣ ይህን እናሳድግ» ብለኸኝ ነበር። ልጁ አልመጣም፤ ሎሚው ግን አፈራ። ሊቆርጡት የመጡ ዕለት የቀሩትን ፍሬዎች በነጠላዬ ለቅሜ ወጣሁ። ዘራቸውን በጣሳ ዘራሁት፤ በቀለልኝ። ምን ያደርጋል፣ ችግኞቹ ገርጥተው፣ ቀጥነው፣ ወደ መስኮቱ እየተንጠራሩ አንድ በአንድ መውደቅ ጀመሩ። ወንድምህ ደጀኔ አይቶ «ፀሐይ በሌለበት ቤት ዛፍ? ተይው እባክሽ» አለኝ።

ፀሐይ ከሌለ ፀሐይ እሠራለኋ! አልኩ።

ቴሌቪዥን ስትጠግን ስንት ዓመት አጠገብህ ቁጭ ብዬ ዕቃ አቀበልኩህ? የብየዳ ካውያህን ለመጀመሪያ ጊዜ ያስያዝከኝ ቀን ጣቴን አቃጥዬ ስጮህ፣ «ሽቦውን እንጂ ራስሽን አትበይጂ» ብለህ በሳቅ ገደልከኝ። ያንን ካውያ ከሳጥን አወጣሁት። በቸርችል ጎዳና ቁልቁል ወርጄ ከኤሌክትሪክ ዕቃ ሱቅ ነጭ፣ ቀይና ሰማያዊ ትናንሽ የኤልኢዲ አምፖሎች ገዛሁ። የልብስ ማስጫውን አቁሜ ብርሃን በማያሳልፈው ወፍራም የመጋረጃ ጨርቅ ሸፈንኩት፤ ብርማ ፊቱን ወደ ውስጥ አዞርኩና ዚፕ ሰፋሁለት። ድንኳን ሆነ።

የመጀመሪያው መብራት አሳፈረኝ። አምፖሎቹን በጣውላ ላይ ነበር የደረደርኳቸው፤ ሙቀቱ መውጫ አጥቶ ተቃጠሉ። ቤቱ ሁሉ ሸተተ። ተቀምጬ አለቀስኩ፤ አንተን እየሰደብኩ፣ ለምን ቀድመህ ሄድክ ብዬ። ከዚያ ፊቴን ታጠብኩና መስኮት ከሚሠሩት ሰዎች ቁራጭ አሉሚኒየም ለምኜ አመጣሁ። አዳዲሶቹን አምፖሎች በእሱ ላይ አሰርኳቸው፤ ከአሮጌ ኮምፒውተር የወጣ ማራገቢያም ጨመርኩ። ሁለተኛው በራ፤ ሳይቃጠልም ቆየ። ሳምንታት ሲያልፉ የችግኞቹ ግንድ ወፈረ፤ አዲስ ያወጡት ቅጠል ጥቁር አረንጓዴ ሆነ።

ግን ቀዩና ሰማያዊው ተደባልቆ የሠራው ሐምራዊ ብርሃን በበሩ ስር ወደ ኮሪደሩ ይወጣ ኖሮ፣ ሕንፃው በወሬ ተሞላ። ግማሹ ጠንቋይ አስገብታለች አለ፤ ግማሹ ዕፅ ታበቅላለች። አንድ ቅዳሜ ጠዋት የነዋሪዎች ኮሚቴው ሰብሳቢ፣ ጋሽ መኮንን፣ ሰው አስከትለው በሬን ደበደቡ።

«ክፈቺ! ምን እንደምታሳድጊ እንየው!»

«ይግቡ። ዚፑንም ራስዎ ይክፈቱት።»

አንገታቸውን ወደ ድንኳኑ አስገብተው ቆዩ። ቅጠል በጣታቸው አሽተው አሸተቱ። «ሎሚ ነው» አሉ፤ ያዘኑ ይመስላሉ። ወዲያው ግን ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ «ቢሆንም ለእሳት ያሰጋል። ዛሬውኑ ይነሳ!»

«እሳቱን ከፈሩ ባለሙያ ያምጡና ይመርምረው። አስተካክይ ያለኝን አስተካክላለሁ» አልኳቸው። «ንቀይ ካሉኝ ግን አልነቅልም። ባሌን ቀብሬአለሁ፣ ቤቴ ፈርሷል፣ ዛፌ ተቆርጧል። የእኔ መሸኘት እዚህ ላይ ያበቃል፣ ጋሽ መኮንን!»

ድምፄ ኮሪደሩን ሲሞላው ራሴንም ገረመኝ። ባለሙያው መጣ፤ አንድ የተገለጠ የሽቦ መገጣጠሚያ አሳየኝ፤ ፊቱ ሸፈንኩት። ሌላ እንከን አላገኘበትም።

ዘንድሮ ሰኔ ጠንከር ያለውን ችግኝ ከሕንፃው በር አጠገብ ተከልኩት። ጋሽ መኮንን «እዚህ መኪና ይቆማል» ብለው ተቆጡ። እኔ ጉድጓዱን ስቆፍር ባለቤታቸው በጆግ ውኃ ይዘው ወጡ።

ደጀኔ አሁንም «ይብቃሽ፣ የወንድሜን ፎቶም ከግድግዳው አውርጂው» ይለኛል። አላወርደውም። ሰው አንተን «ሟቹ» ማለት ለምዷል፤ እኔ ግን ታዬ ነው የምልህ፣ በገበያም፣ በታክሲም፣ በዕድርም መሀል። አፌ ቃል እስካወጣ ድረስ ስምህን ጮክ ብዬ እጠራለሁ። የከበደው ጆሮውን ይድፈን።

ያንተዋ አልማዝ