ርካሽ ምስክሮች

ኅዳር 9፣ ማክሰኞ፣ ከምሳ በኋላ

ለምወድሽ ልጄ፣

እንደምን ነሽልኝ? እኛ ደኅና ነን። ጉልበቴም ከባለፈው ይሻላል፤ ደረጃ ስወጣ ብቻ ነው የሚቆጣኝ። አጎትሽ እንደ ልማዱ ከቤት አከራዩም ከፖስተኛውም ጋር ይከራከራል። ሠራተኛችን መርፌ አሁንም ቀኑን ሙሉ የዊጉ መረብ ላይ አጎንብሳ ፀጉር ትቋጥራለች። መነጽር አድርጋለች። እስከ ዛሬ ያላየችውን አቧራ ሁሉ ስላየች ሱቁን እንደ አዲስ አስጠርጋናለች።

ባለፈው ሳምንት የላክሽልኝን መልእክት ደጋግሜ አነበብኩት። የምትሠሪበት ቢሮ ድረ ገጽን ጎግል ላይ ከወደቀበት የሚያነሣ የአገልግሎት ጥቅል አለው፣ ብዙ ሊንክ ባንዴ ይገባል፣ ለእናንተ በሠራተኛ ዋጋ አስደርግላችኋለሁ ብለሻል። መልሴ አይሆንም ነው። በስልክ ብነግርሽ መሐል ላይ ታቋርጪኛለሽ፣ እኔም እቆጣለሁ። ስለዚህ ቁጭ ብዬ ልጻፈው አልኩ።

የእኛ ሱቅ ምን ዓይነት ሱቅ እንደሆነ አንቺው ታውቂያለሽ። ለሠርግና ለፎቶ ዊግ የሚፈልግ ሰው ዋናው መንገድ ላይ ወዳሉት ትልልቅ መስኮቶች ይሄዳል። ወደ እኛ የምትመጣው ፀጉሯ በሕመም ወይም በመድኃኒት ያለቀባት ሴት ናት። ጎረቤቷን አትጠይቅም። እህቷን እንኳ አትጠይቅም። በሯን ዘግታ ስልኳ ላይ ትፈልጋለች። እዚያ ካገኘችን አለን፤ ካላገኘችን የለንም። ስትመጣም ከየት እንደሰማች፣ ማን እንደነገራት አንጠይቃትም። መጋረጃውን እንጋርዳለን፣ ወንበሩን ከመስታወቱ እናዞራለን፣ ዝም ብለን እንለካለን። አንቺም ያደግሽው በዚሁ ነው።

የጎዳንም ይኸው ጨዋነታችን ነው። ሰው ሲቀንስ በየት በኩል እንደቀነሰ የምናውቅበት መንገድ አልነበረንም። የሆስፒታል ነርሶቹ የሚልኳቸው ታካሚዎች መምጣታቸውን ስላላቋረጡ ወንበሩ ጨርሶ ባዶ አልሆነም። እኔ ወቅቱ ነው እያልኩ ራሴን አጽናናሁ። መርፌ ሥራ ስታጣ የተሸጡትንም ያልተሸጡትንም ዊጎች ስታበጥር ሰነበተችና አንድ ቀን፣ «እትዬ፣ የሰው ፀጉር መርገፉን ተወ እንዴ?» አለችኝ። ሳቅን። በዚያው ከቀጠለ እሷን ይዤ መቆየት እንደማልችል ግን ሁለታችንም እናውቅ ነበር።

ነገሩን የገለጠችልን ከሌላ ከተማ የመጣች አስተማሪ ናት። ሳንጠይቃት ተናገረች። ስልኳ ላይ ስትፈልግ ቀድሞ የመጣላትን ሌላ ሱቅ ሄዳ፣ የፕላስቲክ ፀጉር ጭነውላት፣ የራስ ቅሏ ቆስሎ ነበር። የእኛን ስም የሰጠቻት አጠገቧ ተኝታ የታከመች ሴት ናት። «ስማችሁን ጽፌም በመከራ ነው ያገኘኋችሁ። የዘጋችሁ መስሎኝ ነበር» አለችኝ። ስልኳን ተቀብዬ አየሁ። እውነቷን ነው። ከድሮው ቦታችን የለንም፤ ቀጥሎ ባለውም ገጽ፣ ከዚያ ቀጥሎ ባለውም የለንም።

ድረ ገጹን የሚይዘው እሱ ነውና አጎትሽን አስቀመጥኩት። መጀመሪያ ስለ ኔትወርክ አወራኝ፤ ቀጥሎ ስለ መንግሥት። በመጨረሻ አወጣው። ከአምና ጀምሮ ከማያውቀው ሻጭ ሊንክ ሲገዛ ኖሯል። በሺህ የሚቆጠር ሊንክ፣ ለአንድ ሰው ምሳ በማይበቃ ዋጋ። ሐሳቡ ገብቶኛል፦ ሌላ ድረ ገጽ ወደ እኛ ሲጠቁም ጎግል እንደ ምስክር ይቆጥርልናል፣ ምስክር ሲበዛ ወደ ላይ እንወጣለን። ይህን አንቺ ከእኔ በላይ ታውቂዋለሽ። የምጽፈው እኔም እንደገባኝ እንድታውቂ ነው። መጀመሪያ ላይ እውነትም ወጥተን ነበር። አጎትሽ ስልኩን እያየ «ዛሬም አንደኛ ነን» ሲል ይውል ነበር። እኔ የኳስ ወሬ መስሎኝ እንኳን ደስ አለህ እለዋለሁ።

ምስክሮቹን አንድ ላይ ተቀምጠን ከፈትናቸው። ቁማር ቤት። የውፍረት መቀነሻ ክኒን። ለሴት ልጅ የማላሳየው ፎቶ የተሞላ ገጽ። አንድ የመኪና ጎማ ሻጭ ደግሞ ስለ ጎማ ሲያወራ ሲያወራ ድንገት የእኛን ሱቅ ስም ጠርቶ ወደ ጎማው ይመለሳል።

«ስለ እኔ ሥራ የመሰከሩት እነዚህ ናቸው?» አልኩት።

«እህት ዓለም፣ ዋጋው ጥሩ ነበር።»

«ጥሩ የነበረው እሱ ብቻ ነዋ።»

የተገዛ ምስክር ካላነሣችሁ እናወርዳችኋለን የሚል የማስጠንቀቂያ ኢሜይልም ከጎግል መጥቶለት ነበር። ማስታወቂያ መስሎት አጥፍቶታል። ሻጩን ፈለግነው፤ ደብዛው የለም። ለገጾቹ ባለቤቶች ሊንኩን አንሡልን ብለን ጻፍን። አብዛኞቹ አልመለሱም። አንዱ ለማንሣት ክፈሉኝ አለ፣ ያውም ለመስቀል ከተከፈለው አብልጦ። አጎትሽ ሊደራደር ሲጀምር ስልኩን ከእጁ ወሰድኩ። የቀረን እነዚህን ምስክሮች አትቁጠሩብን ብለን ዘርዝረን ለጎግል መላክ ነበር። አጎትሽ ደግሞ በንዴት ሁሉንም ጠራርጎ ዝርዝሩ ውስጥ ሊከት ተነሣ፣ የነርሶቹ ማኅበር ስለ እኛ የጻፈውን ገጽ ሳይቀር። ለዓመታት ሠርተን ያገኘነው እውነተኛ ምስክር እኮ እሱ ነው። ከዚያ ወዲያ እያንዳንዱን እኔው ራሴ እየከፈትኩ አየሁ።

ያንቺን ገጽ ያገኘሁት እንዲህ ስከፍት ነው። ተማሪ ሳለሽ አውቶቡስ የሚጠብቁ ሰዎችን እየሣልሽ የምትለጥፊበትን። ሥዕሎቹ አሁንም አሉ። ከሥራቸው ግን የብድር፣ የቁማር፣ የጥርስ ማንጫ ወሬ ተደርድሯል፤ ከመሐላቸው አንዱ ጽሑፍ ስለ ዊግ ነው፣ ወደ እኛም ይጠቁማል። ሌሎቹ ጽሑፎች ሰው የጻፋቸው አይመስሉም። ይኼኛው ዊግ በለብ ያለ ውሃ ሲታጠብ እንዳይታሽ፣ በፎጣ ተጠቅልሎ እንደታመመ ሕፃን ቀስ ብሎ እንዲታቀፍ ይላል። እንዲህ ሲባል የሰማሁት ከራሴ አፍ ብቻ ነው።

መርፌ አነበበችውና መነጽሯን አውልቃ ጠረገች። አጎትሽ፣ «ገጿ ተጠልፎ ይሆናል» አለ። ይሆናል አልኩ። ገጹን ከሌሎቹ ጋር ለጎግል በምንልከው ዝርዝር ውስጥ አስገባሁት። አጎትሽ የልጅቷን እንኳ ተዪው ብሎ ለምኖኝ ነበር። ቁማር ቤት የተከራየው ግድግዳ ላይ ስሜ እንዲቆይ አልፈልግም፣ የማንም ግድግዳ ቢሆን። ሥዕሎቹን ግን አሳትሜ ደንበኞች ከሚለኩበት ወንበር ፊት ለፊት ሰቀልኳቸው።

ድረ ገጹ መውደቁን እኔ አልነገርኩሽም። አጎትሽም በኀፍረት አልነገረሽም፤ አስምዬዋለሁ። እንዴት እንዳወቅሽ አልጠይቅሽም። ሊንክ በሚሸጥ ቢሮ የሚሠራ ሰው ጠረጴዛው ላይ የሚመጣለትን ትእዛዝ አይመርጥም። የሚያውቀው ስም ቢሆንም እንኳ። እኔም ተቀጥሬ ሠርቻለሁ፣ አለቃ ምን እንደሆነ አውቃለሁ።

አሁን እየተመለስን ነው። ቀስ ብሎ ነው፣ ግን እየተመለስን ነው። መርፌ የሠራችውን ፎቶ ታነሣለች፣ እኔ እናገራለሁ፣ አጎትሽ ይጽፋል። ሳያጋንን መጻፍ ስለማይችል እሰርዝበታለሁ። «በዓለም ተወዳዳሪ የሌለው» ብሎ ጻፈ። «የትኛውን ዓለም ዞረህ አየኸው?» አለችው መርፌ፤ ቀኑን ሙሉ አኩርፏት ዋለ። የነርሶቹ ማኅበር አዲስ ጽሑፍ ጠይቆናል። ሰኞ ዕለት ስልኳ ላይ ፈልጋ ያገኘችን ሴት መጣች። አሁን ከየት እንደሰሙ እንጠይቃለን፤ ለክታ፣ መስታወት አይታ፣ ልትወጣ ስትል በር ላይ ብቻ። መርፌ ከእኛ ጋር ናት፣ የትም አትሄድም። የቀድሞ ቦታችንን ገና አልያዝንም። እንይዘዋለን፤ ሥራው ጥሩ ሥራ ነው።

ስለዚህ ጥቅሉ ይቅርብን። ቢሮሽ ካለው ሁሉ የምፈልገው ያን ስለ ዊግ አጠባ የጻፈችውን ሰው ነው። ማን እንደሆነች የምታውቂ ከሆነ ንገሪልኝ። እዚህ የምትጽፈውን በገዛ ስሟ ትጽፋለች። ካለችበት ሆናም ትችላለች፤ ብትመጣም መስኮቱ ሥር ያለው ጠረጴዛ ባዶ ነው። በደመወዟ እንደ አጎትሽ አልከራከራትም። ምን ሆነሽ ነበር ብዬም አልጠይቃትም፣ ስትገባም፣ ስትወጣም፣ በር ላይም። ልታስብበት ጊዜ ትፈልግ ይሆናል፤ ትውሰድ። መልሱን ግን በሰው አትላክብኝ፣ እሷው ትጻፍልኝ።

እጅሽ የሚያኮራሽን ሥራ ይሥራ፣ እንቅልፍሽ የሰላም ይሁን። ፈጣሪ ከክፉ ሰውሮ በደኅና ያገናኘን።

እናትሽ