እሑድ ኦቾሎኒ እንዳትቀምስ

ይድረስ ለታናሽ ወንድሜ፣

ሰላምታዬ ካለህበት ይድረስህ። እንደ ደንቡ ለጤናህ እንደምን ከርመሃል ብዬ መጠየቅ ነበረብኝ። ግን ስድስት ዓመት ሙሉ ስልኬን ባየህ ቁጥር የምትዘጋ ሰው ስለሆንክ፣ ጤናህን ከእናታችን ጠይቄ ጨርሻለሁ። የነገረችኝን ሰምቼ ቆሽቴ አርሮ ነው ይህን የምጽፍልህ። እኔ ደህና ነኝ። ብርድ ሲሆን ወገቤን ይቆረጥመኛል እንጂ ሌላ የለብኝም።

ደብዳቤውን እናታችን በእጇ ትሰጥሃለች፤ አንብበህ እስክትጨርስም አጠገብህ ቆማ ትጠብቃለች። እንዲህ አድርጊ ብዬ የነገርኳት እኔ ነኝ። ስለዚህ ቀድዶ መጣያ ውስጥ መክተት የለም።

ባለፈው ማክሰኞ እንጨት ቤትህ ውስጥ ቆመህ እንደ ልማድህ ከኪስህ ኦቾሎኒ እያወጣህ ስትቆረጥም ከንፈርህ ተነፋ፣ ድምፅህ ጎረነነ፣ አንገትህ ላይ ቀይ ሽፍታ ወጣ። ሐኪም ቤት በመሄድ ፈንታ ውሃ ጠጥተህ የመጋዝ ብናኝ ነው አልክ። የመጋዝ ብናኝ! ሃያ ዓመት ስትስበው የኖርከው ብናኝ ማክሰኞ ዕለት ድንገት ተነሥቶ ከንፈርህን መረጠ? እናታችን ምናልባት ኦቾሎኒው ይሆን ወይ ብትልህ፣ ከልጅነቴ ጀምሮ የበላሁት ነገር ዛሬ ምን ያደርገኛል ብለህ ሳቅክባት። ይባስ ብለህ እሑድ፣ መዳንህን ምክንያት አድርገህ በጠራሃቸው እንግዶች ፊት፣ አንድ እፍኝ ቅመህ እንደምታሳያት ፎከርክ። እሷ ይህን በስልክ ስትነግረኝ ግማሹን እያለቀሰች ነው። ግማሹን ደግሞ ምሳ በልተሻል ወይ እያለች።

ስማኝ። እሑድ ኦቾሎኒ እንዳትቀምስ። አንዲት ፍሬ እንኳ። ኦቾሎኒ የነካው ማንኪያም አፍህ እንዳይገባ። ማክሰኞ ያበጠው ከንፈርህ ነው፤ በሚቀጥለው ጉሮሮህ ይሆናል፤ ጉሮሮ ደግሞ እስኪጎድል ተብሎ የሚጠበቅ ነገር አይደለም።

አሁን ወይዘሮ ክልክል ጀመረች ትላለህ። ይህን ስም ካወጣህልኝ ጀምሮ ሰው ሁሉ ተቀብሎሃል፤ ክትባት ክፍል አብረውኝ የሚሠሩት ነርሶች እንኳ ደርሶአቸዋል። ግድ የለም፣ ክልክል ልሁን። ክልክል ያልኩበትን ምክንያት ግን ዛሬ አንዴ ቁጭ ብለህ ትሰማለህ።

አንተ ከሰባት ወር በፊት የተቀየረልህ የአጥንት መቅኒ እንደ ተሰበረ የወንበር እግር ይመስልሃል። አሮጌውን ነቅለህ፣ አዲሱን ሰክተህ፣ ቀለም ቀብተህ ወደ ሥራ። አይደለም። ሰውነታችን ውስጥ የሚገባ ጀርም መጀመሪያ ቆዳ ያግደዋል። በአፍንጫ ቢመጣ ንፍጥ ይይዘዋል፣ በአፍ ቢመጣ የጨጓራ አሲድ ያቃጥለዋል። ይህን ሁሉ አልፎ የገባውን ነጭ የደም ሴሎች ይቀበሉታል። ከእነሱ ውስጥ ማንነት የማይጠይቁ አሉ፤ ያገኙትን ባዕድ ሁሉ መዋጥ ነው ሥራቸው። ከኋላ የሚመጡት ግን የተማሩ ናቸው። ቀን ይፈጅባቸዋል እንጂ የጀርሙን መልክ አጥንተው፣ ለእሱ ብቻ የሚሆን ፀረ እንግዳ አካል ሠርተው ይይዙታል። ድል ከሆነ በኋላ አብዛኞቹ ይሞታሉ፤ ጥቂቶቹ ግን ያንን መልክ በልባቸው ይዘው ለዓመታት ይኖራሉ። ኩፍኝ አንዴ የያዘው ሰው ዳግመኛ የማይያዘው በእነዚያ ጥቂቶች ነው። እኔ በቀን መቶ ሕፃን የማስለቅሰውም ለእነዚያ ጥቂቶች ስል ነው። ክትባት ማለት የሌባውን ፎቶ ሌባው ሳይመጣ ለዘበኛው ማሳየት ነው።

እነዚህ ሁሉ የሚወለዱት መቅኒ ውስጥ ነው። ያንተ መቅኒ ሲታመም ሐኪሞቹ በመድኃኒት ጠራርገው አጠፉትና የሌላ ሰው ሰጡህ። ከአሮጌው ጋር ትዝታው ሁሉ ሄደ። ፖሊዮ፣ ትክትክ፣ መንጋጋ ቆልፍ፣ በልጅነትህ እየጮህክ የተወጋኸው ሁሉ እንዳልነበር ሆነ። ዛሬ አንተ ጢም ያለህ የሰባት ወር ሕፃን ነህ። ከአዲሱ መቅኒ ጋር የመጣ ጥቂት ትዝታ ይኖራል፤ እሱም ቶሎ ይደበዝዛል። ኦቾሎኒ ላይ የያዘው ቂም ግን አብሮት መጥቷል። ደጉን እየረሳ ክፉውን ያስታውሳል፤ ቁርጥ አንተን!

አለርጂ ማለት ይኸው ነው። እባብ ያየ በልጥ በረየ። ዘበኛው እንግዳውን ከሌባ መለየት አቅቶት፣ አንዲት ፍሬ ስትገባ አገር ተወረረ ብሎ ቤቱን ራሱ ያቃጥላል። የሚገድልህ ኦቾሎኒው አይደለም፤ የራስህ ጠባቂ ነው።

ይህን በሽታ የማታውቀው ብትሆን ባልፈረድኩብህ። ታውቀዋለህ። እኔ ዘጠኝ ዓመቴ፣ አንተ ሰባት ነበርክ። ኦቾሎኒ ወቅጠህ፣ ማርማላታ ከተቀባ ዳቦ መሐል ደብቀህ አበላኸኝ። ኦቾሎኒ አይስማማኝም ማለቴ ውሸት መሆኑን ልታሳይ ነበር። ድምፄ ሲጎረንን በሳቅ ፈረስክ። ስወድቅ ደግሞ አባታችንን የጠራኸው አንተ ነበርክ። አንድ እግሩን ብቻ ተጫምቶ፣ በጀርባው አዝሎኝ ሲሮጥ አስታውሰዋለሁ፤ አንተ ሁለተኛውን ጫማ ይዘህ እያለቀስክ ከኋላችን ትከተል ነበር። ከዚያ በኋላ አንድ ዓመት ሙሉ ኦቾሎኒ በአፍህ አልዞረም። ማንም አላዘዘህም። ያን ልጅ የት አደረስከው?

ማክሰኞ ዕለት የሆንከውን ደግሞ ልንገርህ። ከንፈርህ ሳያብጥ በፊት መዳፍህን አሳከከህ። ከዚያ ምላስህ ሥር ብረት ብረት የሚል ጣዕም መጣ። ከዚያ ያለ ምክንያት አንድ ክፉ ነገር ሊደርስብህ እንደሆነ ተሰማህና ፈራህ። ይህን ለማንም አልተናገርክም፤ ለእናታችንም አልነገርካትም። እኔ ግን ከንፈሬ ሳይነፋ በፊት ሁልጊዜ የምሆነውን ስለማውቅ አውቀዋለሁ። በእርግጥ ዓለም ላይ ኦቾሎኒ የማይስማማው ሰው ብዙ ነው።

እናታችን በአባታችን አጥንት አስምላኛለች፤ ስለዚህ በግልጽ የማልነግርህ ነገር አለ። ታመህ ሳለህ፣ መቅኒው ከእህቴ ከሚሆን ሞቴን እመርጣለሁ ስላልካት ነው ያስማለችኝ። እውነትህን ይሁን እልህ አላውቅም፤ እሷ ግን አመነችህ። ከዚያ በኋላ የመጣው ሁሉ፣ ስማቸውን መናገር የማይፈልጉት ደግ ሰው ተረት ጭምር፣ የእሷ ፈጠራ ነው። ስትፈጥር ደግሞ እኔ ለምርመራ እንኳ አልቀረብኩም ብላ ጨመረችበት፤ ውሸቱ እንዲያምር። አንተም ተቀብለህ እህቴ አንዲት ጠብታ ደም ነፈገችኝ እያልክ ለሠፈሩ አዳረስከው። ሰባት ወር ሙሉ ዳቦ ቤት ስገባ ሰዎች ዝም ይላሉ። ሆድ ይፍጀው ብዬ ዳቦዬን ይዤ እወጣለሁ።

መቅኒው የተሰጠህ ዕለትም አልመጣችም ብለሃል። ያን ዕለት እዚያው ሕንፃ ውስጥ፣ ካንተ ሁለት ፎቅ ዝቅ ብዬ፣ በሆዴ ተኝቼ ነበር። በጀርባዬ መተኛት አልችልም ነበር። ለምን ብለህ አትጠይቀኝ።

ለባለውለታህ የጻፍከው ደብዳቤም ደርሷል። አራት ገጽ! ለእኔ ስድስት ዓመት አንዲት መስመር ያልወጣው እጅ፣ ለማያውቀው ሰው አራት ገጽ ጻፈ። እጅ ጽሑፍህ ከድሮው ተሻሽሏል። እሱ ላይ አልከራከርም። ሁለተኛው ገጽ ላይ ግን የሥጋ እህቴ የነፈገችኝን እርስዎ ሰጡኝ የምትለውን ስታነብ አንባቢዋ ወረቀቱን አጣጥፋ፣ ወጥታ አንድ ዙር ተዘዋውራ ነው የተመለሰችው። ውለታዎን በምን ልክፈል ላልከውም መልሱ ይኸው፤ ኦቾሎኒ አትብላ። ሌላ አትፈልግም።

እግረ መንገዴን የበሩንም ነገር ልጨርሰው፤ ዳግመኛ ለመጻፍ ጉልበት አይኖረኝም። አባታችን ታሞ በሚወስደው ከባድ መድኃኒት ምክንያት ነጭ የደም ሴሎቹ ተሟጥጠው ሳለ፣ አንተ እያሳልክ ብትመጣ በሩን ዘጋሁብህ። በአራተኛው ቀን ሞተ፤ አላየኸውም። ከእጅሽ ውሃ አልጠጣም ያልከኝ በቀብሩ ማግስት ነው። ያልነገርኩህን አሁን ልንገርህ። ከሞተ በኋላ የላቦራቶሪው ውጤት መጣ፤ የገደለው ጀርም ከውጭ የገባ አልነበረም። እንደማንኛችንም በራሱ አንጀት ውስጥ ሲኖር የቆየ ነው፤ የሚጠብቀው ሲጠፋ ወደ ደሙ ገባ። ያንተ ሳል ምንም አላደረገም። በር ላይ ቆሜ የከለከልኩት ልጁን ብቻ ነበር።

ያን ቀን ያወቅኩት ቢሆን ኖሮ አፍና አፍንጫህን ሸፍኜ፣ መስኮቱ አጠገብ አቁሜ፣ ድምፅህን አሰማው ነበር። አልገባኝም። ፈርቼ ነበር፣ የፈራ ሰው ደግሞ እንግዳና ሌባ አይለይም። ይቅርታ ማለት ስድስት ዓመት ፈጀብኝ፤ ለዚህም ይቅርታ። እንዲህ ስል ግን ስለ ኦቾሎኒው የለዘብኩ እንዳይመስልህ።

አሁን ወደ ሥራ። ሰፈርህ ያለው ጤና ጣቢያ ለክትባት ሄደህ፣ ዘበኛው ልጁስ የት አለ ብሎ ቢጠይቅህ ካርዱን ጥለህ እንደወጣህ ሰምቻለሁ። እውነት አርባ አንድ ዓመት ሞልቶህ ካርድ ላይ በተሳለ ሕፃን ታፍራለህ? ካርዱን እናታችን አንሥታዋለች። ረቡዕ ጠዋት ይዘኸው እኔ ዘንድ ና። አግዳሚው ላይ ከእናቶቹ ጋር ትቀመጣለህ፣ ተራህን ትጠብቃለህ፣ ትወጋለህ። ካለቀስክ ለማንም አልናገርም። የኩፍኙን አሁን አልሰጥህም፤ የተዳከመ ግን ሕያው ጀርም ስላለበት፣ ከአዲሱ መቅኒ ወዲህ ሁለት ዓመት መሙላት አለብህ። እስከዚያ አፍና አፍንጫህን ሳትሸፍን እንጨት ቤት እንዳትገባ። እጄን ያንቀጠቅጠኛል ብለህ የምትዘላቸውን ክኒኖችም ዋጥ። አዲሶቹ ሴሎች ጉበትህንና ቆዳህን ገና አልለመዱትም፤ ይህ ማነው ብለው እንዳይነሡብህ የሚያረጋጋቸው ክኒኑ ነው። ለሐኪሙም ከማክሰኞ የጀመረውን ሁሉ፣ መዳፍህን ጭምር ንገረው። ምከረው ምከረው እምቢ ካለ መከራ ይምከረው ይባላል። እኔ መከራውን አስቀድሜ ስላየሁት መምከሩን አልተውም።

ከደብዳቤው ጋር እናታችን አንድ መርፌ ትሰጥሃለች። አድሬናሊን ነው፤ ከቦርሳዬ ተለይቶ አያውቅም። ሁለት ነበሩኝ፣ አንዱ የአንተ ነው። ጉሮሮህ የተያዘ ሲመስልህ ጭንህ ላይ፣ በሱሪህም ላይ ቢሆን፣ ወግተህ ወዲያው ወደ ሐኪም ትሮጣለህ። አሁን በጀርባው የሚያዝልህ የለምና ጫማህን አድርገህ ሩጥ።

ረቡዕ ስትመጣ ሌላዋ ነርስ ትውጋኝ ብትል መብትህ ነው። ከእጄ ውሃ ላለመጠጣት የማልከውን አልረሳሁም። ብቻ ስለዚያ መሐላ ራስህን አታስጨንቅ። ከፈረሰ ሰባት ወሩ ነው።

ፈጣሪ ዕድሜህን ያርዝመው፣ እልህህን ያሳጥረው። ለእንግዶችህ የሚቀርበው ነገር አይጥፋ፤ ኦቾሎኒ ግን አይቅረብ። የአጥንትህን ጤና ይስጥህ፤ ለእኔም ይሆነኛል።

ታላቅ እህትህ፣
ወይዘሮ ክልክል