የእሜቴ ሴራፊና ምሳ

ሰኞ፣ ማርች 4

እኔ ዜኒልዳ፣ ዕድሜዬ አሥራ አራት፣ አእምሮዬ ጤናማ፣ ማንም ሳያስገድደኝ የሚከተለውን ከባድ ኃጢአት እናዘዛለሁ፦ ዛሬ ጠዋት ቆጡ ላይ ሳልወጣ ምሰሶው ላይ በጠመኔ አንድ መስመር አሰመርኩ።

በቃ። ይኸው ነው። ቄስ የሚያስጠራ አይደለም... አያቴ ካልሰሙ።

አያቴ ቅዳሜ በጀልባ ቤሌም ከተማ ሄደዋል፣ የዓይናቸውን ሞራ ሊያስገፍፉ። ሦስት ሳምንት። ሱቁን ለአክስቴ ለኦዴቴ ሰጡ፣ እሜቴ ሴራፊናን ለእኔ። እሜቴ ሴራፊና ከሱቁ በላይ ቆጡ ላይ የምትኖር ዘንዶአችን ናት። አምስት ክንድ። ሥራዋ አይጥ። እዚህ ወንዝ ዳር ዘንዶ የሌለው ሱቅ የካሳቫ ዱቄቱን የሚያመጣው ለአይጥ ነው። አያቴ «እሳቸው» ነው የሚሏት። እኔን «አንቺ ቀበጥ»፣ እሷን «እሳቸው»።

መሰላሉ ሥር አቁመው ሕጉን አስጠኑኝ። «በየሳምንቱ ባትሪ ይዘሽ ውጪ። ሆዳቸው ላይ እብጠት ካየሽ በልተዋል ማለት ነው፤ አንድ መስመር አስምሪ። በአሥራ አምስት ቀን አንዴ ይበቃቸዋል። ካልበሉ አንድ አይጥ ያዥላቸው፣ ከወገባቸው ያልወፈረ። ከሁሉ በፊት ግን ዓይናቸውን እዪ። ወተት ከመሰለ ቆዳ ሊለውጡ ነው፤ ምንም አትስጪ።»

ዓይናቸው የማያይ ሰው ስለ ዓይን ሲያስተምሩ! በሆዴ ሳቅኩ።

ለምን አልወጣሁም? መሰላሉ ያዳልጣል። ቆጡ ጨለማ ነው። ሸረሪት አለ... እሺ፣ እሺ። እሷን እፈራለሁ። ዝም ብላ ስታይ ሰው ያሰበውን የምታውቅ ይመስለኛል።

ሐሙስ፣ ማርች 7

ዝናብ። ሌላ መስመር ጨመርኩ፣ አንዱ ብቻውን ሲቆም አላማረኝም። አክስቴ አይታ «ሁለት ጊዜ በላች? ጎሽ!» አለች። ጎሹን ተቀበልኩ።

ቅዳሜ፣ ማርች 9

ወንዙ ወለላችን ሥር ገብቷል። መሬት የነበረ አይጥ ሁሉ ወደ ላይ መጥቷል። ጠዋት ሁለት ጆንያ ተቦጭቆ አገኘን። አክስቴ ሕፃን ልጇን ሊኖን ታቅፋ ልታለቅስ ደረሰች።

ጎረቤታችን ጋሽ ቫልዶሚሮ መጡ። ጀልባ ጠጋኝ ናቸው፤ የራሳቸው ጀልባ ግን ስምንት ዓመት ተገልብጦ ጥገና ይጠብቃል።

«ዘንዶዋ ርቧት አቅም አጥታ ነው» አሉ።

«ኧረ ጠግባ ነው! ምልክቱን አይዩም? በአራት ቀን ሁለቴ በልታ ተኝታለች» አለች አክስቴ።

«ልጄ፣ ስለ ዘንዶ ለእኔ?»

«ስለ ጀልባም እንዲሁ ነው የሚሉት፣ ጋሼ።»

ሁለቱ ይጨቃጨቃሉ፣ እኔ መሃል ቆሜ ላቤ ይወርዳል። መስመሮቹ ውሸት ናቸዋ! ከበላች ስንት ጊዜዋ ነው? ማን ያውቃል? እኔ አላውቅ። ምሰሶው አያውቅ።

ስለዚህ ጋሽ ቫልዶሚሮን ጓሮ ተከትዬ ሄጄ ቄብ ዶሮ ለመንኩ። «ለአክስትሽ አትንገሪ» አሉ። ለማን ልነግር? ቆጡ አፍ ድረስ ወጣሁ፣ ዓይኔን ጨፈንኩ፣ ቄቧን አስገብቼ መዝጊያውን መለስኩ።

ከወገባቸው የወፈረ ነገር በፍጹም... ቄቧ ትንሽ ትወፍር ነበር። ትንሽ።

እሑድ፣ ማርች 10

ከመሰላሉ ላይ ባትሪ አብርቼ በስንጥቁ አየሁ። እብጠቱ ትራስ ያክላል። ሦስተኛ መስመር፣ የመጀመሪያው እውነተኛ። ጀግና ነኝ።

ማክሰኞ፣ ማርች 12

ተፋችው።

ጠዋት ሱቁን የሞላው ሽታ... ሊገለጽ አይችልም። አክስቴ «የሞተ አይጥ ነው፣ ፈልጊ» ብላ ላከችኝ። ወጣሁ። ላባ፣ ዝልግልግ ነገር፣ ግማሽ የሟሟ ዶሮ። በአሮጌ ጆንያ ጠቅልዬ ወንዝ ውስጥ ጣልኩት። ሦስት ጊዜ አስመለሰኝ፤ ሁለታችንም አንድ ነን።

ያኔ ባትሪው ፊቷ ላይ አረፈ። ዓይኗ ወተት። ድፍን ያለ፣ ሰማያዊ ወተት። የአያቴ ዓይን።

አልፈራሁም ብዬ ልጽፍ ነበር። ፊደሉ ግን ተንጋዷል፣ እዩት።

የመንደራችን የኮኮዋ መጋዘን ዘንዶ ትዝ አለችኝ። ተፍታ ነበር። አዘኑላትና በማግስቱ ደግመው አበሏት፤ በሦስተኛው ቀን ሞተች። አያቴ ያኔ «የተፋ ሆድ ቁስል ነው፣ ሃያ ቀን ባዶውን ይቆይ» ብለው መጋዘን ጠባቂውን በሰው ፊት ሰደቡት። አያቴ ሰው ሲሳደቡ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ሐሙስ፣ ማርች 14

ቆጡ ላይ የለችም።

ዓርብ፣ ማርች 15

ሁሉንም ጆንያ አነሳሁ። የወለሉን ሥር አየሁ፣ ውሃ ብቻ። ከምድጃው ኋላ፣ የለችም። ከጣሪያው ሥር ግን ግድግዳዎቹ ሁሉ ክፍት ናቸው፤ ከቆጡ ወደ ጓዳ፣ ከጓዳ ወደ መኝታ ቤት... ቀዳዳ ነው ቤታችን።

መኝታ ቤት ሊኖ አለ። ስድስት ወሩ ነው። ከጣሪያው አግዳሚ በሁለት ገመድ በተንጠለጠለው የጨርቅ አልጋ ውስጥ ነው ከምሳ በኋላ የሚተኛው። ክብደቱ... ላለማሰብ ሞከርኩ፤ አሰብኩ። ከአራት ቄብ ብዙ አይበልጥም።

የራባት ዘንዶ። ማየት የማትችል ዘንዶ። እና አንድ የሚሞቅ፣ ወተት ወተት የሚሸት ነገር።

ልንገር? ብነግር ከመጀመሪያው መስመር መጀመር አለብኝ። ነገ ትመለስ ይሆናል... ነገ።

ቅዳሜ፣ ማርች 16

ሊኖ ሲተኛ አጠገቡ ተቀምጬ ገመዱን እወዘውዛለሁ። መጥረጊያ እጄ ላይ፣ ዓይኔ ጣሪያ ላይ። አክስቴ በር ላይ ቆማ ዓይኗ እንባ አቀረረ።

«ምን ነካሽ አንቺ ልጅ? መልአክ ሆንሽሳ!»

«እወደዋለሁ አክስቴ።»

«መጥረጊያውስ?»

«ለ... ዝንብ።»

ለጋሽ ቫልዶሚሮ ስታወራ ሰማኋት፦ «አባባ ሲሄዱ ልጅቷ ጨዋ ሆነች፤ ቀድመው በሄዱ ኖሮ!» ትልልቅ ሰው እንዴት በቀላሉ ይታለላል! ሌላ ጊዜ ቢሆን እስቅ ነበር።

እሑድ፣ ማርች 17

አክስቴ ቤተ ክርስቲያን ሄደች። ሊኖና እኔ። ከላይ አንድ ነገር ተሳበ፣ በጣም በዝግታ፣ ጨርቅ በእንጨት ላይ እንደሚጎተት። ሊኖን አንስቼ ዝናብ ውስጥ ሮጥኩ። አክስቴ ስትመለስ ሁለታችንም እርጥብ ነበርን። ተቆጣች። ቁጣዋ እንዴት ደስ አለኝ... ለምን እንደሆነ እንጃ።

ዛሬም አልነገርኩም። ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

ማክሰኞ፣ ማርች 19

ነገርኩ።

ከምሳ በኋላ ነው። ሊኖ ተኝቷል፣ እየወዘወዝኩ ነው። አንድ ቀጭን ነገር ከላይ ወርዶ ጉንጬን ነካኝ። እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የደረቀ። ቀና አልኩ። ቆዳ። ሙሉ ቆዳ፣ አምስት ክንድ፣ አልጋው የታሰረበት አግዳሚ ላይ ተጠምጥሞ፣ ጫፉ በገመዱ ወርዶ፣ ከሊኖ ራስ አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ። የዓይኖቿ ሽፋን እንኳ አለ፣ ሁለት ትንንሽ መስኮት።

ስንት ቀን እዚያ ነበረች? እኔ ከሥሯ መጥረጊያ ይዤ...

ጮህኩ መሰለኝ። አክስቴ መጣች። ሁሉንም አወጣሁት፦ መስመሮቹን፣ ቄቧን፣ ትፋቱን፣ መጥረጊያውን። አክስቴ አልመታችኝም። ሊኖን ደረቷ ላይ አጣብቃ «አምስት ቀን፣ ዜኒልዳ? አምስት ቀን አወቅሽ?» አለችኝ። ቀስ ብላ። ብትመታኝ ይሻል ነበር።

ሊኖን ይዛ ጋሽ ቫልዶሚሮ ቤት ገባች።

ረቡዕ፣ ማርች 20

ጠዋት ወጣሁ፣ እስከ ላይ፣ ዓይኔን ሳልጨፍን። ተመልሳለች። የድሮ ቦታዋ ላይ ተጠቅልላለች፣ አዲስ ቆዳዋ ያብረቀርቃል። ግን ከስታለች፤ የጀርባዋ አጥንት ይታያል።

ወርጄ ነገርኳቸው፣ ደስ የሚላቸው መስሎኝ። ጋሽ ቫልዶሚሮ ገጀራቸውን አነሱ።

«የራበው ዘንዶና ሕፃን አንድ ጣሪያ ሥር አያድሩም።»

«ጋሼ፣ አሁን ካበላናት ትሞታለች! አያቴ ሃያ ቀን ብለዋል!»

«አያትሽ የሉም። የጠገበ ዘንዶ ከቦታው አይነቃነቅም። እስከ ቅዳሜ ጠዋት ዶሮ ትብላ፤ ካልበላች እኔው እገላግላታለሁ።»

«ቅዳሜ እኮ የአያቴ ጀልባ ይመጣል!»

«በዚህ ጎርፍ? ማክሰኞ እንኳ ከመጣ ስለት አገባለሁ።»

አክስቴን አየኋት። ሊኖን አየችው። አልፈረድኩባትም። እኔ ልፈርድ?

ሐሙስ፣ ማርች 21

መንደሩ ሁሉ ሰምቷል። ትናንት አይጥ የሚያባርር አጥቶ ያማረረ ሁሉ ዛሬ ምሳ ይዞ ይመጣል። አንዱ ሁለት አይጥ፣ አንዷ የዓሣ ጭንቅላት (ለዘንዶ!)። አንድ ሽማግሌ ደግሞ የሞቀ ሾርባ ይሻላታል አሉ። ሁሉንም መለስኩ። ትናንት ዶሮ ለማኝ፣ ዛሬ ዶሮ ከልካይ።

ቅዳሜ፣ ማርች 23

ቆጡ ላይ ሆኜ ነው የምጽፈው። መሰላሉን ስቤ አውጥቼዋለሁ። እሷ እዚያ ጥግ፣ እኔ እዚህ ጥግ። መሃላችን ባትሪው።

ጠዋት አክስቴ ቄብ ዶሮ እግሯን አስራ ሰጠችኝ። «ስጫትና ይለቅ። ዜኒልዳ፣ እባክሽ።» ስትለምነኝ የመጀመሪያዋ ነው። ይዤ ወጣሁ። አልሰጠሁም። ቄቧ ጭኔ ላይ ናት፣ በሻርፕ ጠቅልያታለሁ፣ ልቧ ከልቤ እኩል ይመታል።

ከታች የገጀራ መሳያ ድምፅ። ሽክ... ሽክ...

ጠመኔው ኪሴ ውስጥ ነው። ቄቧን በጣሪያው ክፍተት ብለቃት፣ ወርጄ አንድ መስመር ባሰምር፣ «በላች» ብል... ሁሉም ይረጋጋል። ጋሽ ቫልዶሚሮ ገጀራቸውን ይዘው ይሄዳሉ። አክስቴም ሊኖን ይዛ ትመለሳለች። ከዚያ አግዳሚ ሥር ታስተኛዋለች፣ በእኔ መስመር ተማምና።

አይሆንም።

ከመውጣቴ በፊት ሦስቱንም መስመር በምራቄ አጥፍቻለሁ። በቦታቸው በትልልቁ ጻፍኩ፦ «ማርች 12 ተፋች። እስከ ኤፕሪል 1 ምንም።» ምሰሶው ላይ የቀረው ይኸው ነው። መሰላሉን ካላገኙ ሊወጡ አይችሉም። ስንት ሰዓት እቆያለሁ? ውሃ አልያዝኩም። እሷ ምላሷን ታወጣለች፣ ታስገባለች። እፈራታለሁ። አሁንም እፈራታለሁ። ግን እያየኋት ነው።

ጀልባ ጮኸ።

የማን ነው? የዓሣ ጀልባም እንዲህ ይጮሃል... አይደለም። ሽክሽኩ ቆመ። የእግር ድምፅ፣ ሻንጣ ወለል ላይ ተቀመጠ። የአክስቴ ድምፅ፦ ምልክቱ፣ ዶሮዋ፣ ሊኖ፣ ቆዳው፣ ሁሉንም። አንዱንም አልዘለለችም። ጋሽ ቫልዶሚሮ መሃል ሊገቡ ሞከሩ፤ አያቴ «ቆይ» አሏቸው።

የአያቴ እግር ወደ ምሰሶው ሄደ። ምሰሶው ጋ የቆሙ ይመስለኛል። እያነበቡ ነው? ራሳቸው፣ ያለ ሰው እርዳታ?

«ዜኒልዳ!»

ትንፋሼን ዋጥኩ። ቄቧ ግን አልዋጠችም፤ ጮኸች።

«ዶሮዋን ሰምቻለሁ። መሰላሉንም የወሰደው አይጥ አይደለም።» ከዚያ፣ «መጀመሪያ ዓይናቸው እንዴት ነው?»

ጥርት ብሏል። ከሁለት ክንድ ርቀት ሆኜ እያየሁት ነው፣ የባትሪው መብራት ውስጡ ይታያል። መልሱን ሳልዋሽ አውቀዋለሁ፤ እርሳሴን ላስቀምጥና ልንገራቸው...

«ዜኒልዳ!»