ያልጠቆረችው ክብ

ሰኔ 24
ፀጉር ቤቱ ዛሬ ሙሉ ነበር። ሦስት የፀጉር ማድረቂያ ካስክ፣ ሥሩ ሦስት ምላስ። የፋርማሲዋ ባለቤት፣ "ልጅሽ ፈተናዋን ጨረሰች አይደል? በቃ ሐኪም አገኘን" አለችኝ። "እንዴታ" አልኳት፣ አፌን ሞልቼ።
ልጄ እራት አልበላም አለች። ደክሟት ይሆናል...

ሰኔ 25
ድካም አይደለም።
ሽንኩርት እየከተፍኩ መጥታ ከኋላዬ ቆመች። "እማ፣ የሂሳቡን ኮድ ሳላጠቁር ሰጠሁ።"
የምን ኮድ? ሳቅኩ፣ ሞኝ...
ለካ እንዳይኮራረጁ የጥያቄው ቅደም ተከተል ይለያያል። የትኛው እንደደረሰሽ አንዲት ክብ አጥቁረሽ ካልነገርሽው፣ ማሽኑ በየትኛው መልስ ያርምሽ?
"ዜሮ ነው እማ። ከዚህስ መሞት ይሻለኛል።" ቀስ ብላ ነው ያለችው። ምነው ጮኻ ባለችው!

ሰኔ 26
ሱቅ ስትወርድ የክፍሏን ቁልፍ ነቅዬ ጡት መያዣዬ ውስጥ ከተትኩት። ቀኑን ሙሉ ሲወጋኝ ዋለ።

ሰኔ 27
ፈታኙን መምህር ትምህርት ቤት ሄጄ አገኘሁት።
"ወረቀቱ ታሽጎ ሄዷል እትዬ። አንዳንዴ በእጅ ይለዩታል፣ አንዳንዴ ደግሞ..."
"አንዳንዴ ምን?"
ወንበሩን ገፍቶ ተነሳ።
"አሥራ ሁለት ዓመት የለፋችውን አንዲት ክብ ትብላው?" አልኩት።
"ማሽን ልፋት አያይም" አለኝ። ከዚያ በር ድረስ ሸኝቶኝ፣ "ብቻዋን አይተዋት" አለ።
እሱም ፈርቷል ማለት ነው?

ሐምሌ 2
ፀጉር ቤት ይዣት መዋል ጀምሬያለሁ። ፎጣ ታጥፋለች። የፋርማሲዋ "ሐኪሟ!" ስትላት ፎጣውን አስቀምጣ ወጣች። ደንበኛዬን አረፋ በአረፋ እንደሆነች ትቼ ሮጥኩ። ደጃፉ ላይ ቆማለች።
"የት የምሄድ መስሎሽ ነው?"
ዓይን ዓይኔን አየችኝ። በአረፋ እጄ ክንዷን ያዝኩ። ያኔ ምን እንደፈራሁ ገባት... አቀፈችኝ። ማን ማንን ማጽናናት ነበረበት?

ነሐሴ 20
ውጤት ወጣ። ሌላው ሁሉ ጥሩ፣ ሂሳብ ዜሮ። ማለፊያው ላይ አልደረሰችም። ስልኩን አቀበለችኝ።
"በግል ተመዝግቤ እደግማለሁ" አለች። "እስከዚያ ፀጉር አጥባለሁ።"

ነሐሴ 23
አንዲት አዲስ ደንበኛ፣ "ይህቺ ቆንጆ የት ዩኒቨርሲቲ ደረሳት?" ብላ ጠየቀችኝ። ማበጠሪያ ፍለጋ መሳቢያ ከፈትኩ።
"ወድቄያለሁ" አለች ልጄ ከመታጠቢያው። "ለከርሞ እደግማለሁ። አንገትዎን ትንሽ ወደ ኋላ ያድርጉልኝ።"
ካስኩ ሥር ያሉት ሁሉ ቀና ብለው አዩዋት። እሷ ውሃውን ትለካለች፣ ይሞቃል አይሞቅም ብላ ትጠይቃለች።
እኔ ግን ውሃው ሲንሿሿ ድምጿ ከጠፋብኝ ዞር እላለሁ... አሁንም።